የቲኤልዲ ባጅ ሊለየው የሚችለው ዝቅተኛ ዶዝ እንዴት ይወሰናል?

ጥያቄ፦ ከባጅ ንባብ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ።

የምሠራው በጨረራ አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ባጅ በሚነበብበት ክፍል ነው። ባጆቻችን የሊቲየም ፍሎራይድ ቅንጣት የያዙና በሙያው ቲኤልዲ-100 ተብለው የሚታወቁት ናቸው። በየሁለት ወሩ ከአዲስ አበባና ከክልል ሆስፒታሎች ተሰብስበው ይመጣሉ፤ በማንበቢያው ማሽን ውስጥ ሲሞቁ የሚያወጡት ብርሃን ይለካል፤ ብርሃኑም ወደ ሚሊሲቨርት፣ ማለትም ወደ ዶዝ (ሰው የተቀበለው የጨረራ መጠን) መለኪያ ተቀይሮ በሠራተኛው ስም ይመዘገባል።

አሁን የአሠራር መመሪያችንን እንደ አዲስ እየጻፍን ስለሆነ፣ ሥርዓታችን ሊለየው የሚችለው ዝቅተኛ ዶዝ ስንት እንደሆነ በቁጥር ማስቀመጥ ይጠበቅብኛል። ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አሥር ካርዶች (ቅንጣቱን የያዘው የባጁ ውስጠኛ ክፍል) መርጬ በማንበቢያው ውስጥ በማሞቅ የቀድሞ ዶዛቸውን አጸዳሁና በማግስቱ ጠዋት አነበብኋቸው። የንባቦቹ አማካይ 0.021 ሚሊሲቨርት ሆነ፤ መደበኛ ልይይታቸው፣ ማለትም ንባቦቹ በአማካዩ ዙሪያ የሚዋዥቁበት መጠን፣ ደግሞ 0.004 ነበር። ተማሪ ሳለሁ እንደተማርኩት መደበኛ ልይይቱን በ3 አባዝቼ 0.012 ሚሊሲቨርት አገኘሁ። በአምራቹ መግለጫ ወረቀት ላይ የተጻፈውም ወደ 0.01 የሚጠጋ ስለሆነ ሥራዬ ትክክል መስሎኝ ነበር። በዚህ መሠረት የተፈጥሮ ጨረራው ከተቀነሰ በኋላ ከ0.012 በታች የሆነ ንባብ ሁሉ 0.00 ተብሎ እንዲመዘገብ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ሠራተኛው እንደተቀበለው ዶዝ እንዲጻፍ ረቂቁ ላይ አሰፈርኩ።

ረቂቁን የተመለከቱ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ግን «ይህ ቁጥር የካርዱ ነው ወይስ የአገልግሎታችሁ?» ብለው ጠየቁኝና መልስ አጣሁ። እርሳቸው 0.05 አካባቢ ይሆናል ብለው ይገምታሉ። በ0.012 እና በ0.05 መካከል ያለው ልዩነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ስህተቴ የቱ ላይ ነው? ቀመሩ ላይ ነው፣ የካርዶቹ አመራረጥ ላይ ነው ወይስ ሁለቱም ላይ? የሠራችሁበት ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ቆጣሪ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ የምሠራው የአፈርና የምግብ ናሙናዎችን በጋማ ቆጠራ በመመርመር ላይ ነው። እኛ ዘንድ የሚሠራበት በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ሎይድ ከሪ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው ቀመር ነው። ናሙናውና ባዶው (ናሙና ሳይኖር የሚደረገው ቆጠራ) እኩል ጊዜ ከተቆጠሩ፣ የባዶውን ቆጠራ ስኩዌር ሩት በ4.65 አባዝተው 2.71 ይጨምሩበታል። ለምሳሌ ባዶው 100 ቆጠራ ከሰጠ ስኩዌር ሩቱ 10 ነው፤ ስለዚህ የመለየት ወሰኑ 49 ቆጠራ ያህል ይሆናል። እርስዎም ማሽንዎ የሚያወጣውን የብርሃን ቆጠራ ወስደው በዚሁ መንገድ ቢያሰሉት የሚሆን ይመስለኛል። ከሪ ከዚያ በፊት በጽሑፎች ይሠራባቸው የነበሩትን የተለያዩ ትርጉሞች በአንድ ዓይነት ልኬት ላይ ቢሞክራቸው በመካከላቸው ወደ ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አግኝቷል። እርስዎና ገምጋሚዎ በአራት እጥፍ መለያየታችሁ እንግዳ ነገር አይደለም።

መልስ፦ አንጋፋው ፊዚሲስት

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዎ በጣም ተገቢ ነው፤ ገምጋሚዎም ትክክለኛውን ቦታ ነክተዋል። ነገሩን ከሥር ጀምሬ ላስረዳ።

በቅድሚያ ቆጣሪ የጠቀሱት የከሪ ሐሳብ መሠረቱ የጸና ቢሆንም፣ የስኩዌር ሩቱን ቀመር ለቲኤልዲ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። የቆጠራ ውጤት በራሱ ባሕርይ የሚዋዥቀው በቆጠራው ስኩዌር ሩት መጠን ነው፤ የቲኤልዲ ንባብ መዋዠቅ ግን ከብርሃን ቅንጣቶች ብዛት ብቻ የሚመጣ አይደለም። አንዱ ካርድ ከሌላው ይልቅ ለጨረራ ያለው ምላሽ ይለያያል፤ የማሞቂያው ሙቀት ከቀን ቀን በመጠኑ ይለዋወጣል፤ ብርሃን መቀበያው ቱቦ ጨለማ ውስጥም ቢሆን የራሱ የሆነ ጥቂት ምልክት ያወጣል፤ ናይትሮጂን ጋዙ በደንብ ካልነፈሰ ደግሞ ከቅንጣቱ ገጽ ላይ ከጨረራ ጋር የማይገናኝ ብርሃን ይወጣል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ባጁ በሠራተኛው ደረት ላይም ሆነ በመሳቢያ ውስጥ ሁለት ወር ሲቆይ የተፈጥሮ ጨረራ ሲያጠራቅም ይከርማል። ስለዚህ መዋዠቁን ከቀመር ልናገኘው አንችልም፤ ባዶ ባጆችን አንብበን በተግባር መለካት አለብን።

አሁን ወደ እርስዎ 0.012 ልምጣ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ተጠርተዋል። አንደኛው የውሳኔ መስመር ነው፤ ይኸውም አንድ ባጅ ንባቡ ከዚህ ካለፈ «ይህ ሠራተኛ ዶዝ ተቀብሏል» ብለን የምንወስንበት ነው። ይህ መስመር የሚሰመረው ምንም ያልነካቸው ባጆች በዕድል ብቻ መስመሩን የሚያልፉት ከመቶ አምስት ጊዜ ያልበለጠ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው የመለየት ወሰን ነው፤ እርሱ ደግሞ ሠራተኛው በእርግጥ ያን ያህል ዶዝ ተቀብሎ ቢሆን ሥርዓታችን ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ሳያመልጠው የሚይዘው ዝቅተኛ ዶዝ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የሚያስከትለውን ልብ ብለው ይመልከቱ። የአንድ ሠራተኛ እውነተኛ ዶዝ ልክ የውሳኔ መስመሩ ላይ ያረፈ ቢሆን፣ ንባቡ በእውነተኛው ዋጋ ዙሪያ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚዋዥቅ ግማሹን ጊዜ ከመስመሩ በታች ይወድቃል። እንግዲህ በሁለት ሠራተኞች ላይ አንዱን የሚስት ቁጥር «ልንለየው የምንችለው» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። የመለየት ወሰኑ በግምት የውሳኔ መስመሩ እጥፍ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋናው ችግር ግን ካርዶቹ ላይ ነው። የመረጧቸው አሥሩ ካርዶች ከተጸዱ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደሩት። አንድ ጊዜም ወደ ሆስፒታል አልሄዱም፣ በፖስታ አልተጓዙም፣ በልብስ ኪስ አልተጨመቁም፣ ሁለት ወር አልቆዩም። የለኩት የማንበቢያው ማሽንና የጥሩ ካርዶችን መዋዠቅ ነው፤ አገልግሎታችሁ ለሠራተኛው የሚሰጠው ውጤት ግን ከሁለት ወር የተፈጥሮ ጨረራ ላይ ተቀንሶ የሚገኝ ነው። በአምራቹ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥርም በአምራቹ ሁኔታ የተገኘ እንጂ የእናንተን ካርዶች፣ የእናንተን ከፍታና የእናንተን የሁለት ወር ቆይታ የሚያውቅ አይደለም። «መረጥኩ» ያሉት ቃልም ያሳስበኛል። ካርዶቹ በሥራ ላይ ካሉት ውስጥ፣ አሮጌውም የተጫረውም ተካቶ፣ በዕጣ መነሣት አለባቸው፤ የተመረጡ ካርዶች ሁልጊዜ ያማረ ቁጥር ይሰጣሉ።

እንዲህ ያድርጉ። በዕጣ የተነሡ ቢያንስ ሃያ ካርዶችን ከባጅ ማቀፊያቸው ጋር፣ ጨረራ ምንጭ በሌለበት ቦታ ለሙሉ የሁለት ወር ዙር ያቆዩ። ሌሎች አሥር ካርዶችን ደግሞ ሲዚየም-137 በተባለው የጨረራ ምንጭ ከመለየት ወሰኑ እጅግ ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ 5 ሚሊሲቨርት ያስመቷቸው። ሁሉንም እንደ ሠራተኞች ባጅ በተለመደው ሥራ መሐል ያንብቡ፤ ለብቻቸው ማሽኑ በጸዳበት ማለዳ አይነበቡ። ከዚያም በአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት የዶዚሜትሪ እውቅና ሥርዓት የሚሠራበትን ቀመር ይጠቀሙ። በቃል ስገልጸው፣ የባዶዎቹ መደበኛ ልይይት በስቱደንት ቲ ቁጥር (እንደ ካርዶቹ ብዛት ከስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ የሚወሰድ ቁጥር) ይባዛል፤ ጨረራ የተመቱት ካርዶች መደበኛ ልይይት ለአማካያቸው ተካፍሎ በቲ ከተባዛ በኋላ በራሱ ተባዝቶ፣ በባዶዎቹ አማካይ ተባዝቶ ይደመርበታል፤ ድምሩ በ2 ይባዛል፤ በመጨረሻም ከ1 ላይ ያው በራሱ የተባዛው ቁጥር ተቀንሶ በሚቀረው ይካፈላል። የቲ ቁጥር ለአሥር ካርዶች 1.833፣ ለሃያ ካርዶች 1.729 ነው። ካርዶች ባነሱ ቁጥር ቲ ይጨምራል፤ ይህም ካለማወቃችን የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው።

ጠያቂዋ፦ ከባጅ ንባብ ክፍል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አድርጎ ያብራራልኝ አልነበረም። ሁለት ወር መጠበቅ ሳያስፈልገኝ ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ፤ ምክንያቱም ያለፈው ዙር ሲወጣ ላልታሰበ ሠራተኛ ተብለው የተዘጋጁ መጠባበቂያ ባጆች መጋዘናችን ውስጥ 60 ቀን ቆይተው ስላገኘኋቸው ነው። ከመካከላቸው ሃያውን በዕጣ አወጣሁ። ለመምረጥ እጄ እንዳይሄድ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፌ አጣጥፌ፣ ጓደኛዬ ናት ያነሣችልኝ።

የሃያው አማካይ 0.190 ሚሊሲቨርት፣ መደበኛ ልይይታቸው 0.014 ሆነ። በመጀመሪያ ያገኘሁት 0.004 እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 5 ሚሊሲቨርት የተመቱት አሥር ካርዶች መደበኛ ልይይት የአማካያቸው 6 በመቶ ነው። ስሌቱን እዚህ አስቀምጠዋለሁ፤ ስህተት ካለበት እንድታርሙኝ።

1.729 በ0.014 ሲባዛ 0.0242 ነው። 1.833 በ0.06 ሲባዛ 0.110፣ ይህም በራሱ ሲባዛ 0.0121 ነው፤ በ0.190 ሲባዛ ደግሞ 0.0023 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.0265፣ በ2 ሲባዛ 0.053፤ ለ0.988 ሲካፈል 0.054 ሚሊሲቨርት ሆነ። ገምጋሚው ወረቀት ሳያነሡ የገመቱት 0.05 ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ ረቂቄ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር አሰላሁ። መደበኛ ልይይቱ 0.014 በሆነ ሥርዓት ላይ 0.012 ን እንደ መስመር ብጠቀም ኖሮ፣ ምንም ዶዝ ካልተቀበሉት ሠራተኞች ወደ አምስት አንዱ ዶዝ ተቀበለ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ለሦስት መቶ ባጆች ስልሳ ሰው ማለት ነው። እነዚያን ሰዎች እየጠራሁ «የት ነበራችሁ፣ ምን አደረጋችሁ?» ብዬ ልጠይቃቸው ነበር።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሃያዎቹ ካርዶች የቆዩት አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ነው። ባጆቻችን ግን ወደ ሠመራም፣ ወደ ጋምቤላም፣ ወደ ደብረ ብርሃንም ይሄዳሉ። ከሁሉም ላይ የአዲስ አበባውን 0.190 ለመቀነስ አስቤያለሁ። ይህስ ልክ ነው?

መልስ፦ የራጅ ባለሙያ፣ ከክልል

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ባጁን የምለብሰው እንጂ የማነበው ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ውይይቱ የሚመለከተኝ ስለሆነ ልግባ። በአንድ የክልል ሆስፒታል ራጅ ክፍል ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት የደረሰኝ የባጅ ውጤት ከጥቂት ጊዜ በስተቀር 0.00 የሚል ነው። ባልደረቦቼ «ባጁ አይሠራም» ይላሉ፤ ከመካከላቸውም መልበስ የተዉ አሉ። ዛሬ እዚህ ያነበብኩት ግን ሌላ ጥያቄ ፈጠረብኝ። 0.00 ማለት ምንም አልተቀበልክም ማለት ነው ወይስ የተቀበልከውን ማየት አልቻልንም ማለት ነው?

ሌላም ልናገር። ከባጆቻችን ጋር «ማነጻጸሪያ» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ተጨማሪ ባጅ ይላክልናል። የኛው ክፍል ኃላፊ ለምን እንደሆነ የነገረን አልነበረም። ለዓመታት የሁላችንም ባጅ በሚሰቀልበት ሚስማር ላይ፣ ከራጅ ክፍሉ በስተጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ነበር የሚውለው። ማታ ማታ ባጆቻችንን አጠገቡ ሰቅለን እንሄዳለን፤ ቀን ቀን እኛ ለብሰን ስንወጣ እርሱ ብቻውን እዚያው ይውላል፤ ማሽኑም በሠራ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ነው። ይህ የሚጎዳ ነገር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አንጋፋው ፊዚሲስት

ወንድሜ፣ መግባትዎ እጅግ ጠቅሟል። የሁለታችሁም ጥያቄ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ አብሬ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ የከፍታውን ነገር እናንሣ። ከጠፈር የሚመጣው ጨረራ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ ከላይ ያለው አየር መከታችን ስለሆነ ከፍ ስንል መከታው ይሳሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረራ ሳይንሳዊ ኮሚቴ ባወጣው ሠንጠረዥ በባሕር ጠለል ላይ ከጠፈር የሚደርሰው ዶዝ በዓመት 0.27 ሚሊሲቨርት ያህል ሲሆን፣ 2,240 ሜትር ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ 0.82 ነው። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲ በመጠኑ ከፍ ትላለች፤ ሠመራ ግን ወደ 430 ሜትር ዝቅ ብላለች። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞቻችን መካከል በዓመት ወደ ግማሽ ሚሊሲቨርት የሚጠጋ፣ በሁለት ወር ዙር ደግሞ 0.08 ሚሊሲቨርት አካባቢ የሆነ ልዩነት መጠበቅ አለብን፤ የሕንፃ ጣሪያና ግድግዳ በመጠኑ ይቀንሰው ይሆናል። አፈሩና ዐለቱም ከቦታ ቦታ የየራሱን ይጨምራል። የእርስዎ የመለየት ወሰን 0.054 ነው። የሚቀንሱት የተሳሳተ ቁጥር ብቻውን ከመለየት ወሰኑ ይበልጣል ማለት ነው! የሠመራው ሠራተኛ በእርግጥ 0.08 ቢቀበል ሙሉ በሙሉ ተቀንሶ ይጠፋበታል፤ ወደ 2,800 ሜትር የሚጠጋው የደብረ ብርሃን ሠራተኛ ደግሞ ያልተቀበለውን ዶዝ እንደተቀበለ ተደርጎ ሊጻፍበት ይችላል። የመጋዘኑ ሃያ ባጆች መዋዠቁን በትክክል አሳይተዋል፤ የእያንዳንዱን ከተማ የተፈጥሮ ጨረራ መጠን ግን ሊነግሩን አይችሉም።

የማነጻጸሪያው ባጅ ሥራ ይህ ነው። ከሠራተኞቹ ባጅ ጋር በአንድ ካርቶን ተጭኖ ይሄዳል፣ በአውሮፕላን ከሄዱም አብሮ ይበርራል፣ በዚያው ከተማ አየርና ሙቀት ውስጥ ይከርማል፣ አብሮ ይመለሳል። የጋምቤላው ሙቀት ከቅንጣቱ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት የሚለቀቀውን የምልክት ክፍል ቀድሞ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ለዚህም ቢሆን አብሮ የሞቀ ባጅ ያስፈልጋል። የሠራተኛው ዶዝ የሚባለው የሁለቱ ልዩነት ነው። ለዚህም የማነጻጸሪያው ቦታ ቢሮ፣ ማኅደር ክፍል፣ ብቻ ከራጅ ክፍሉ የራቀ መሆን አለበት።

ግድግዳው ላይ ሲሰቀል የሚሆነውን በቁጥር እንየው። ከግድግዳው የሚያልፈው ጨረራ በሁለት ወር ውስጥ ማነጻጸሪያውን 0.10 ሚሊሲቨርት ያህል ቢመታው፣ ያ 0.10 ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ላይ ይቀነሳል። በዓመት ስድስት ዙር ስለሆነ 0.60 ሚሊሲቨርት ከእያንዳንዳችሁ መዝገብ ወጥቷል ማለት ነው። የእናንተ ግድግዳ ስንት እንደሚያሳልፍ ባላውቅም፣ ለዓመታት የታየው 0.00 በከፊል ከዚያ ሚስማር ሊመጣ እንደሚችል መካድ አይቻልም። ዛሬውኑ ከዚያ ያንሡት፤ የነበረበትን ቦታና የቆየበትን ጊዜም ጽፈው ለባጅ ክፍሉ ያሳውቁ፤ የቀድሞ ንባቦች ተጠብቀው ከሆነ መልሶ ማስላት ይቻላል። ባልደረቦችዎንም ባጁ እንደሚሠራ ይንገሩልኝ። በምርመራ ራጅ ከሚሠሩት የብዙዎቹ ዶዝ ከተፈጥሮ ጨረራው እምብዛም የማይርቅ ስለሆነ ትንሽ ቁጥር ማየት የሚጠበቅ ነው፤ ባጁ ያልተለበሰ ቀን ግን የትኛውም ቀመር አይመልሰውም።

አንድ ማነጻጸሪያ ብቻ መላክም የራሱ ዋጋ አለው። አንዱ ባጅ ከሌላው ላይ ሲቀነስ የሁለቱም መዋዠቅ ይደመራል፤ መደበኛ ልይይቱ በ1.41 ያድጋል። በእርስዎ ቁጥሮች ሳሰላው የመለየት ወሰኑ ከ0.054 ወደ 0.074 ይወጣል። ሦስት ማነጻጸሪያ ቢላክና አማካያቸው ቢቀነስ ግን 0.061 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሆስፒታል ሁለት ተጨማሪ ካርድ ማለት ነው፤ በኔ አስተያየት የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም፤ በተለይ አንደኛው ማነጻጸሪያ በስህተት ጨረራ ቢነካው ሌሎቹ ሁለቱ ስለሚያጋልጡት።

አሁን ወደ 0.00። ወንድሜ፣ 0.00 ማለት «ከምንለየው በታች ነው» ማለት ብቻ ነው፤ «ምንም የለም» ማለት አይደለም። እንዲህ ተብሎ መጻፉንም አልደግፍም። የተቀነሰው ንባብ እንዳለ፣ አሉታዊም ቢሆን እንኳ፣ በላብራቶሪው የውስጥ መዝገብ መቀመጥ አለበት። አሉታዊ ዶዝ በዓለም ላይ የለም፤ አሉታዊ ንባብ ግን አለ፤ ምንም ካልተቀበሉት ሠራተኞች ግማሹ ያህል ማሳየት ያለባቸውም እርሱን ነው። አንድም አሉታዊ ንባብ ካላዩ ወይ የሚቀንሱት አንሷል፣ ወይ ማሽኑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ደብቆታል። አሉታዊውን ሁሉ ዜሮ አድርጎ አዎንታዊውን ብቻ መደመር የዓመቱን ድምር ወደ ላይ ያዛባዋል፤ ትናንሾቹን ሁሉ ዜሮ ማድረግ ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ለሠራተኛው በሚላከው ወረቀት ላይ ግን «ከመመዝገቢያ ደረጃ በታች» ብሎ ደረጃውን በቁጥር መግለጽ ይበቃል።

የመመዝገቢያ ደረጃውን ሲወስኑ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መመሪያ መነሻው በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳያንስ ይላል። ለሁለት ወር ዙር ስድስተኛው፣ ማለትም 0.17 ሚሊሲቨርት ነው። የመለየት ወሰንዎ 0.054 ሆነ 0.074 ከዚህ በታች ስለሆነ ሥርዓታችሁ ለተራው ሥራ ብቁ ነው። እርጉዝ መሆኗን ላሳወቀች ሠራተኛ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል፤ በቀሪው የእርግዝና ጊዜ ለጽንሱ የሚፈቀደው ተጨማሪ ዶዝ ወደ 1 ሚሊሲቨርት ስለሆነ ባጇ በየወሩ ቢነበብ ይመረጣል። የአንድ ወሩን የመለየት ወሰን ከሁለት ወሩ ላይ ለሁለት በማካፈል አያግኙት፤ የማሽኑ መዋዠቅ ከቆይታው ጋር አብሮ አይቀንስም። ለ30 ቀን የቆዩ ሌሎች ሃያ ባጆችን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

መልስ፦ ቆጣሪ

ስለ ስኩዌር ሩቱ የሰጡትን እርማት በደስታ ተቀብያለሁ። በእኛም ሥራ ቢሆን ናሙናው የተቀመጠበት ዕቃ ወይም በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ሬዶን የተባለ ጨረራ አመንጪ ጋዝ ከቀን ቀን ሲለዋወጥ፣ ባዶው በተግባር የሚዋዥቀው ከስኩዌር ሩቱ በላይ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ስሌቱን ግን አልቀየርኩም ነበር። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ባዶውን ደጋግሜ ቆጥሬ የራሱን መደበኛ ልይይት እጠቀማለሁ።

ጠያቂዋ፦ ከባጅ ንባብ ክፍል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 0.012 ን ከረቂቁ ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የውሳኔ መስመሩንና የመለየት ወሰኑን ለየብቻ አስፍሬያለሁ፤ ሦስት ማነጻጸሪያ መላክ እስክንጀምር ድረስ የመለየት ወሰናችን 0.074 ሚሊሲቨርት ነው ተብሎ ይጻፋል። ለሁሉም የሚበቃ ካርድ ስለሌለኝ መጀመሪያ ሦስት ማነጻጸሪያ የሚደርሳቸው ርቀውና ዝቅ ብለው ያሉት ሆስፒታሎች ናቸው።

የማንበቢያችን ፕሮግራም አሉታዊውን ንባብ እንደሚደብቅ ዛሬ አረጋገጥኩ። ያለፈውን ዙር ዝርዝር ብመለከት ከዜሮ በታች የሆነ አንድም ቁጥር የለበትም፤ 0.000 ግን ገጽ ሙሉ ነው። ጥሬው የብርሃን ልኬት በማሽኑ ውስጥ ስላለ ለብቻው አውጥቼ እንደገና ማስላት ጀምሬያለሁ።

ለራጅ ባለሙያው ወንድሜ፦ እርስዎ የጻፉት ስለ አንድ ሚስማር ቢሆንም፣ እኛ ከባጆቹ ጋር የምንልከው ወረቀት ማነጻጸሪያው የት መቀመጥ እንዳለበት አንድ ቃል አይልም። ለሚቀጥለው ዙር በእያንዳንዱ ማነጻጸሪያ ላይ «ከራጅ ክፍል ርቆ፣ ቢሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ አይለበስ» የሚል ጽሑፍ እንለጥፋለን፤ ሲመለስም የት እንደቆየ የሚሞላበት መስመር ቅጹ ላይ ጨምሬያለሁ። ለ30 ቀኑ ልኬት ሃያ ባጆች ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጋዘን ገብተዋል፤ የገቡበትን ቀንና ሰዓት ካርቶኑ ላይ ጽፌያለሁ። ሲነበቡ ቁጥሩን እዚሁ አመጣዋለሁ።